የአቶ አካሉ ወገብ

አቶ አካሉ ወልደ ሐዋርያት ወገባቸውን የሚያማቸው በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። በሌላው ቀን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ካለው ቤታቸው እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ያለውን ቁልቁለት እንደ ጎረምሳ ይወርዱታል፣ ማታም ሳያርፉ ይወጡታል፤ የባሕር ዛፍ ግንድ ሲያነሡም የማንንም እገዛ አይጠይቁም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግን፣ የቀበሌው የጥበቃ ተራ እርሳቸው ቤት ሲደርስ፣ ወገባቸው ቁርጥ ይላል። አልጋቸው ላይ ይጋደሙና፣ «አሳየች፣ ዛሬስ የምነሣም አይመስለኝ» ይላሉ። ሚስታቸው አሳየች በሽታው ቀን እንደሚቆጥር ገና በሁለተኛው ወር ነቅታበት ነበርና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ጊዜው ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው በተራው ከቀበሌ ጠመንጃ ተቀብሎ ከምሽት እስከ ንጋት ሰፈሩን ይጠብቃል፤ ማንን ከማን እንደሚጠብቅ ጠይቆ የተረዳ ግን የለም። የሰፈሩ ወጣት ግማሹ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፣ ግማሹ ደግሞ ላለመወሰድ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። የተረፉት ሽማግሌዎችና ተማሪዎች ናቸው። አቶ አካሉ ሽማግሌ ለመባል ገና የሆኑ፣ ተማሪ ለመባል ደግሞ የረፈደባቸው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ስለዚህ ወገባቸውን ታመሙና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ልጃቸውን ለይኩንን ላኩ።

መላክ ብቻም አይደለም፤ የመጀመሪያው ቅዳሜ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው ራሳቸው ወሰዱት። ወገባቸው እስከ ቀበሌ ድረስ ፈቅዶላቸው ነበር። ሊቀ መንበሩ ጓድ በላይነህ መዝገቡን ገልጦ ልጁን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። መመሪያው ዐሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላው ሰው መሣሪያ አይሰጥም ይላል።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ዐሥራ አራት» አለ ለይኩን፤ እውነት መናገር ያስመሰግናል ተብሎ ያደገ ልጅ ነው።

ጓድ በላይነህ ጣሪያውን አየ። ከዚያ አቶ አካሉን አየ። አቶ አካሉ ወገባቸውን ይዘው ቃተቱ። ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አነሣና «18» ብሎ ጻፈ፤ አቶ አካሉም ከጎኑ ፈረሙ። እንደ ሙያቸው ቦታውን ልብ አሉት፤ ገጽ አርባ ሰባት፣ ተራ ቁጥር ስድስት። ጓድ በላይነህ ከዚያ ቤት አንድ ጠባቂ አገኘ፣ አቶ አካሉ አልጋቸውን አገኙ፣ ልጁ አራት ዓመት አገኘ። የከሰረ ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

ጠመንጃው ቁመቱ ከልጁ ብዙም የማያንስ አሮጌ ምንሽር ነው። ንጋት ላይ መመለስ ነበረበት። የቀበሌው ንብረት ክፍል ኃላፊ ግን እሑድ እሑድ ከሦስት ሰዓት በፊት መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ጠባቂው ሁሉ ጠመንጃውን እንደያዘ ቤቱ ይሄዳል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ደስ ሲለው ይመልሳል። ይህች ጊዜ ለአቶ አካሉ ከዓመት በዓል ትበልጥባቸው ነበር። ወገባቸው ሲነጋ ድኖ ይገኛል። በርጩማ ደጃፍ ላይ ያስወጡና ጠመንጃውን ከአጠገባቸው ግድግዳ ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው ሰው ሰላምታ ሲሰጣቸው ዓይኑ መጀመሪያ ጠመንጃው ላይ፣ ከዚያ እርሳቸው ላይ ሲያርፍ ያያሉ፤ ሰላምታውም ከወትሮው ዝቅ ያለ ይመስላቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፋይል ከመደርደር በቀር ማንንም አዝዘው የማያውቁ ሰው ናቸውና አይፈረድባቸውም። ወይም ይፈረድባቸዋል፤ እሱን ኋላ እናያለን።

በተለይ እንዲያይላቸው የሚፈልጉት ግን ዱቤን ነበር። ዱቤ አጥር የሚጋራቸው ጎረቤት ነው፤ ለይኩንን ክርስትና ያነሣውም እሱ ስለሆነ አበልጅ ናቸው። አበልጅነታቸው ብዙ ዓመት በሰላም ከርሞ ከርሞ ሦስት ባሕር ዛፎች ላይ ሲደርስ ተሰናከለ። ዛፎቹ በሁለቱ ግቢ ወሰን ላይ ቆመዋል። ዱቤ አያቴ የተከላቸው ናቸው ይላል። አቶ አካሉ ወደ እኔ ግቢ ያጋደሉት የእኔ ቢሆኑ ነው ይላሉ። መሬት የመንግሥት ከሆነ ዐሥር ዓመት ስላለፈው ሁለቱም የሚጣሉት በሦስተኛ ወገን ንብረት ነበር፤ ይህ ግን ጠቡን ቅንጣት ታህል አላበረደውም።

የራት ወሬያቸው ሁልጊዜ ይኸው ነው። «ሰው የለኝም እንጂ» ይላሉ አቶ አካሉ፣ የጠቀለሉትን ጉርሻ አየር ላይ አቁመው። «ሰው ቢኖረኝ ዱቤ ዛፌን ተደግፎ ሲስቅብኝ ይውል ነበር?» ለይኩን ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ይበላል።

«ልጁ ይሰማል» ትላለች አሳየች።

«ይስማ። ምን ክፉ ነገር ወጣኝ?»

መጋቢት ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት ዱቤ መጥረቢያ ይዞ ብቅ አለና የመካከለኛውን ዛፍ ግንድ መምታት ጀመረ። አቶ አካሉ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ጠመንጃው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ለይኩን ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ ዓይኑን እያሸ ዳቦ ይገምጣል።

«አየህ?» አሉት ልጃቸውን። «አየህልኝ ንቀቱን? ምን ላድርግ፣ ሰው የለኝ።»

ይህን ብለው ኮታቸውን ሊለብሱ ወደ ውስጥ ገቡ። ሐሳባቸው ቀበሌ ወርደው ማመልከት ነበር፤ ማመልከቻውን በልባቸው ጀምረውት ሁሉ ነበር። አንዱን እጅጌ አጥልቀው ሌላውን ሲፈልጉ ተኩሱን ሰሙ።

ሲወጡ ዱቤ ጭኑን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። አልጮኸም። ዓይኑን ለይኩን ላይ ተክሎ፣ «ልጄ፣ ምነው?» አለ፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው አየው። ለይኩን ጠመንጃውን ጥሎ የበላውን ዳቦ ሁሉ አጥሩ ሥር ያስመልስ ነበር። አቶ አካሉ ኮታቸው በአንድ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወገባቸው እውነት እውነት ዛለ።

ዱቤን በአልጋ ተሸክመው ወደ መኪናው መንገድ አወረዱት። ጥይቱ አጥንቱን ጨርፎ ስላለፈ ሐኪሞቹ አተረፉት። ለይኩንን አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዱት፤ ጠመንጃውም በዚያን ቀን ከንብረት ክፍሉ ሰዓት ቀድሞ ተመለሰ።

አሁን የጨነቀው ጓድ በላይነህ ነው። ለዐሥራ አራት ዓመት ልጅ መሣሪያ ያስያዘው ማነው የሚል ጥያቄ ከበላይ ቢመጣ መልስ ያስፈልገዋል። ሁለት ቀን አሰበና ሦስተኛው ቀን ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት አስለጠፈ። አካሉ ወልደ ሐዋርያት የተባሉ ነዋሪ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጃቸውን ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል በማለት ቀበሌውን ስላታለሉ፣ ልጁ ለሠራው ጥፋት እርሳቸው በፍርድ ሸንጎ ይጠየቃሉ ይላል።

አቶ አካሉ ሲያነቡት ደማቸው ፈላ። ንዴታቸው ግን ደስታም ነበረበት፤ ጓድ በላይነህ የገባው በእርሳቸው ሜዳ ነው። የሰውን ነገር በመዝገብ ማሸነፍ የሃያ ዓመት እንጀራቸው ነው። ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ። ስድስት ገጽ ሆነ፣ በካርቦን ሦስት ቅጂ፣ መጨረሻው ላይ መፈክሩንም አልረሱም። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ በገጽ አርባ ሰባት፣ ተራ ቁጥር ስድስት ላይ በሊቀ መንበሩ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ መሆኑ ተመዝግቧል፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ይጠየቃል እንጂ አባቱ አይጠየቅለትም።

በሸንጎው ዋዜማ ከራት በኋላ ለአሳየች አነበቡላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «ዐሥራ ስምንት ከሆነ ልጄን ምን ያደርጉታል?» አለች።

«ሕግ ነው ይሄ። ሕግ አይገባሽም።»

«ሕጉ አይገባኝም። የአባይነሽን ልጅ ምን እንዳደረጉት ግን ይገባኛል።»

አባይነሽ የታች ሰፈር ጎረቤታቸው ናት። ልጇ ባለፈው ዙር ከተወሰደ ወዲህ አንድ ደብዳቤ አልመጣላትም። አቶ አካሉ ይህን ከማመልከቻው ጋር የማይገናኝ ጉዳይ አድርገው አለፉትና መብራቱን አጠፉ።

ሸንጎው የተቀመጠው እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ነው። ሰብሳቢው ጓድ ዓምደ ሚካኤል ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ አሁንም ሰው ሲንሾካሾክ ጠረጴዛውን በእርሳስ ይመታል። ዱቤ በምርኩዝ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ለይኩን በሁለት ጠባቂዎች መካከል ቆሟል፤ ሦስት ሳምንት ቀበሌ እስር ቤት ከርሞ አንገቱ ቀጥኗል። ለምን ተኮስክ ተብሎ ተጠየቀ።

«ባርቆብኝ ነው» አለ። ይህን ሲል አባቱን አላየም።

አቶ አካሉ ግን አዩት። ልጁ የሚዋሸው ለማን ብሎ እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። እሱን መስማት አልፈለጉምና ማመልከቻቸውን ገለጡ።

ጉሮሯቸውን ጠርገው አንደኛውን ገጽ አነበቡ፤ ደህና ሄደ። ሁለተኛው ላይ «ገጽ አርባ ሰባት፣ ተራ ቁጥር ስድስት» ሲሉ መዝገቡ ቀረበ። ጓድ በላይነህ ይደነግጣል ብለው ቀና አሉ። ጓድ በላይነህ አልደነገጠም፤ እንዲያውም ራሱን እየነቀነቀ ወደ ጥግ ተመለከተ። ጥግ ላይ ካኪ የለበሰ አንድ እንግዳ ሰው ጉልበቱ ላይ የስም ዝርዝር ዘርግቶ ተቀምጧል። ለሚቀጥለው ዙር ምልመላ የመጣ ነው፤ ቀበሌው ከተመደበለት ኮታ አንድ ሰው እንደሚጎድለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ዐሥራ ስምንት ነው ያሉት፣ ጓድ?» አለ ካኪ ለባሹ፣ የብዕሩን ክዳን እየነቀለ።

ትናንት ማታ አሳየች የተናገረችው ነገር አሁን ገና አቶ አካሉ ጆሮ ደረሰ። ጓድ በላይነህ ወጥመዱን በሁለት በኩል አጥምዶታል። ልጁ ዐሥራ አራት ከሆነ ያታለለው አባትየው ነው፤ ዐሥራ ስምንት ከሆነ ደግሞ ኮታው ይሞላል። እርሳቸው ሃያ ዓመት በመዝገብ ሲመኩ ኖረው፣ ዛሬ ስድስት ገጽ ጽፈው፣ በሦስት ቅጂ፣ ልጃቸውን ጭነት መኪና ላይ ሊያሳፍሩ ነው። የአሳየች ዓይን ከኋላ ማጅራታቸውን ሲወጋቸው ተሰማቸው።

«ጓድ አካሉ፣ ይቀጥሉ እንጂ» አለ ሰብሳቢው።

አቶ አካሉ ማመልከቻውን አራት ቦታ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ያነበብኩት ውሸት ነው» አሉ። «ልጄ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ይቺን መዝገብ ስፈርም ዐሥራ አራት ነኝ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቀበሌውን ያታለልኩት እኔ ነኝ።»

ጓድ በላይነህ ደስ ብሎት መጻፍ ጀመረ። ካኪ ለባሹ የብዕሩን ክዳን መልሶ አልገጠመም።

«ለምን ልጅ ላኩ ታዲያ?» አለ ጓድ ዓምደ ሚካኤል።

«ወገቤን ያመኛል ብዬ።»

«ወገብዎን ያምዎታል?»

አቶ አካሉ ወደ ኋላቸው ዞረው ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ተመለሱ። «አያመኝም» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በእርሳስ ቢመታም ሰሚ አላገኘም፤ ሰፈሩ ይህን ሳቅ ስድስት ወር አምቆ ይዞት ነበር። አቶ አካሉ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ደግሞ አልባረቀበትም» አሉ። «የዚያን ዕለት ዱቤ ዛፉን ሲመታ፣ ሰው የለኝም አልኩት። ራት በበላን ቁጥር ስለው የኖርኩት ይኸንኑ ነው። ጠመንጃውን አጠገቡ ትቼ ኮት ልለብስ ገባሁ። ልጁ እኔ አለሁልህ ማለቱ ነው።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ለይኩን በሁለቱ ጠባቂዎች መካከል ቆሞ ማልቀስ ጀመረ፤ እንደ ሕፃን፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። ካኪ ለባሹ ብዕሩን ዝርዝሩ ላይ አሳረፈ።

«አባት ለልጁ ሲል ብዙ ይናገራል» አለ። «መዝገቡ ዐሥራ ስምንት ይላል፣ ፊርማም አለበት። ዐሥራ አራት ለመሆኑ ማነው የሚመሰክረው? ዘመድ ያልሆነ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ ዱቤ ዞረ። ልጁ የተወለደበትን ቀን ከወላጆቹ ቀጥሎ የሚያውቅ እሱ ነው። አንዲት ቃል፣ ዐሥራ ስምንት የምትል ቃል፣ ከአፉ ብትወጣ የጭኑን ብድር ትከፍልለታለች፤ ማንም አይወቅሰውም፣ መዝገቡም ይደግፈዋል። አቶ አካሉ ሊለምኑት ፈለጉ። ግን ለሁለት ዓመት ያልተነጋገሩትን ሰው ምን ብለው ይለምናሉ? ዓይናቸውን ምርኩዙ ላይ ተክለው ቆሙ።

ዱቤ ምርኩዙን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ። አልቸኮለም፤ አበልጁ ላብ እስኪያጠምቃቸው ጊዜ ወስዶ ለይኩንን አየው።

«በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ጸሐፊ፣ ክርስትና የሚለውን ተወው» አለ ጓድ ዓምደ ሚካኤል በቀስታ። «ሲወለድ ያውቀዋል በል።»

«እንዳሻችሁ ጻፉት። ዐሥራ አራት ነው። ሲተኩስብኝ ፊት ለፊቴ ነበር፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልጅ ነው።» ከዚያ ምርኩዙን አንሥቶ ወደ አቶ አካሉ ዘረጋው። «እኔን የመታኝን ትልቅ ሰው ከፈለጋችሁ ግን ይኸው፣ ቆሞላችኋል።»

ካኪ ለባሹ ብዕሩን ከደነ።

ፍርዱ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ለይኩን ለአሳየች ተሰጠ። አቶ አካሉ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጃቸው ለፈጸመው የመሣሪያ ጥፋት ኃላፊ ተብለው ሦስት ወር ተፈረደባቸው፤ ሲወጡም የራሳቸውን የጥበቃ ተራ ራሳቸው፣ የዱቤንም ተራ እግሩ እስኪድን ድረስ እርሳቸው እንዲጠብቁ ተወሰነ። ስለ ጓድ በላይነህ ሸንጎው ምንም አልተናገረም። ገጽ አርባ ሰባት ላይ ያለችው ስምንት በዚያው ቀን፣ በዚያው እጅ፣ አራት ሆነች። የጎደለውን አንድ ሰው ቀበሌው ከየት እንዳመጣው አቶ አካሉ አልጠየቁም። እኔ ብሆንም አልጠይቅም ነበር፤ የአንድ እናት ልጅ እንደሆነ ግን አያጠራጥርም።

አቶ አካሉ ሐምሌ ላይ ተፈቱ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዝናብ እየዘነበ ቀበሌ ሄደው ያንኑ ምንሽር ተረከቡ። ሲነጋ የንብረት ክፍል ኃላፊው እንደ ልማዱ አልመጣም። ሌሎቹ ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ቁርሳቸው ሄዱ። አቶ አካሉ ግን ንብረት ክፍሉ ደጃፍ ላይ፣ ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ እስከ ሦስት ሰዓት ቁጭ አሉ። ቤታቸው ይዘውት አልሄዱም፤ ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን ይዘውት ሄደው አያውቁም።

የዱቤ እግር መስከረም ላይ እንደዳነ ሐኪሙ በጽሑፍ ሰጥቶታል። ዱቤ አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለ ምርኩዝ ጉርድ ሾላ ድረስ ደርሶ ይመለሳል፤ የመካከለኛውን ዛፍ ቆርጦ የጨረሰውም እሱ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ተራው ሲደርስ፣ እግሩን ይቆረጥመዋል። ደጃፉ ላይ ወጥቶ በአጥሩ ላይ፣ «አበልጅ፣ ዛሬስ የምነሣም አይመስለኝ» ይላል። አቶ አካሉ አንድ ቀን እንኳ የሐኪሙን ወረቀት አሳየኝ አላሉትም። ካፖርታቸውን ይለብሳሉ።

ከእነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ እውነተኛ ቁርጥማት ይዟቸው ነበር፤ የእስር ቤቱ ሲሚንቶ ወለል የሰጣቸው ነው። ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ ብለው መነሣት አቃታቸው። ለይኩን ደብተሩን አስቀምጦ መጣና ክሩን አሰረላቸው፣ ክንዳቸውን ይዞም አነሣቸው። በዚያ ዓመት ቁመቱ ጨምሮ ትከሻቸው ድረስ ደርሷል።

«አባዬ፣ እኔ ልሂድልህ?» አለ።

አቶ አካሉ በሩን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ደብተርህን አንብብ» አሉት። «አንተ ልጅ ነህ።»